አባ ማርከሻ

አልማዝ ስልክ እያላት ከበቾ ቦሬ ሰፈር እኔ ቤት ድረስ በእግሯ መጣች። ገና ማለዳ ነው፤ የስፌት መኪናዬን ዘይት እያጠጣሁ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳያት ዘመድ የሞተባት መስሎኝ ብድግ አልኩ።

«ማን ነው ልጄ?»

«መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ጋሼ ከድር።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ተናገሪ።»

«ማርከሻ ሞተ።»

ኢንናሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ይህ ቃል ለወዳጅም ለባላንጣም እኩል የሚባል በመሆኑ በጀኝ። አልማዝ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከእኔና ከእሱ አጠገብ ሻይ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናትና በመካከላችን የሆነውን ታውቃለች።

«ቀብሩ ከቀትሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ይመጣሉ አይደል?»

«ከቀብርማ እንዴት ይቀራል?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለችና የመጣችበትን መንገድ ተመልሳ ያዘች።

የሞተ ሰው መልካሙ ይነሳለታል። የእሱ መልካም ብዙ ነው፤ ያንን ለማንሳት አልቸገርም። የሚያስቸግረኝ የቀረው ነው። በቾ ቦሬ ውስጥ ዛሬም ከድር ሲባል «ያ በሟች ሐጂ ስም የዋሸው ልብስ ሰፊ» የሚሉ አሉ፤ ይህን ስም ያተረፍኩት በማርከሻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ እጽፋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፣ የራሴንም ጭምር፤ በሕይወት ያሉ አሉበትና።

ሙዘሚል ነበር ስሙ። ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሱቁ በሐጂ ጣሂር ቤት ወደ መንገድ የሚያየው ክፍል ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሱቁ ደጃፍ፣ በረንዳው ላይ፣ መኪናዬን ተክዬ እሰፋለሁ። በመካከላችን አንዲት መስኮት ናት ያለችው። በዕድሜ ብዙ እበልጠዋለሁ፤ ስንጫወት ለሚያየን ግን እኩያሞች ነበርን። አጭር፣ ጠይም፣ በጠጋኝ መነጽር ብዛት ግራ ዓይኑ ጨፈን ያለ ሰው ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ቁም ነገር ሊናገር ሲል መዳፉን ወደ አፉ ያመጣና አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው እፍ ይልባታል። የስልክ ሆድ ዕቃ ላይ እፍ ሲል ከመዋሉ የመጣ ይመስለኛል። እፍ ካለ ሥራህን ትተህ ትሰማዋለህ።

አንድ ክረምት ጅማ ዝናቧን ስታወርደው ሰነበተች፤ ሰውም ስልኩም ከቤት አልወጣ አለ። ያን ጊዜ ሙዘሚል ከመሳቢያው ሁለት የእጅ ጌሞች አወጣ። ከጅዳ የተመለሰ ደንበኛው አስጠግኗቸው ኋላ «ለልጆች ስጥልኝ» ብሎ የተዋቸው ናቸው። አንዱን በመስኮቷ አቀበለኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጌም ነው ጋሼ። አውሬ እየያዙ ማሳደግ ነው።»

«ለልጆች ስጥ አይደል የተባልከው?»

«ልጆቹማ ስልክ አላቸው። የቀረነው እኛ ነን።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። በየጫካው አውሬ አለ፤ እሳት የሚተፋ፣ ውኃ የሚረጭ፣ መርዝ ያለው። ትይዘዋለህ፣ ታሳድገዋለህ፣ ከሌላው ጋር ታታግለዋለህ። አይገዳደሉም፤ የደከመው ይወድቃል፣ ኋላ ይነሳል። ለእኔ ጀርባዋ ቅርፊት የለበሰ ጥቁር እንሽላሊት መሳይ ደረሰችኝና ጉራቻ አልኳት፤ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። በእኛ አገር ድሮ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ እየተባለ ይጠራ ነበር። ሙዘሚል ይህን ይዞ «እንግዲህ የእርስዎ ፈረስ ይቺ ናት» አለና አባ ጉራቻ ብሎ ሰየመኝ። ሰፈሩም ተቀበለው።

እኔም አልማርኩትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ጨዋታ አውሬዎቹ ይታመማሉ። እንዲያውም ጨዋታውን የወደድኩት በዚህ ነው። አንዱ ይመረዝና በተራመደ ቁጥር ጉልበቱ ያልቃል። አንዱ ይደነዝዝና ተራው ደርሶ እጁን ማንሳት ያቅተዋል። አንዱን ትግል መሐል እንቅልፍ ይጥለዋል፤ አንዱ ይቃጠላል፤ አንዱ በረዶ ሆኖ ይቆማል። ደግሞ የሚደናገር አለ፤ ባላጋራውን ትቶ ራሱን የሚመታ። ሁሉም የየራሱ መድኃኒት አለው። የመርዙ ለእንቅልፉ አይሠራም፤ የቃጠሎው ለበረዶው አይሆንም። የእንግሊዝኛ ፊደል ስለማልለይ በቀለማቸው ያዝኳቸው። የሚረጩ ጠርሙሶች አሉ፣ የሚበሉ ፍሬዎችም አሉ። ስሳሳት ሙዘሚል በመስኮቷ አንገቱን አውጥቶ «እሷን አይደለም፣ ከጎኗ ያለችውን! ምነው፣ የተቃጠለ ሰው በረዶ መፍቻ ይቀባል እንዴ?» ይለኛል።

ሌላው ተጫዋች ከረጢቱን በማጥመጃና በጉልበት መስጫ ይሞላል አሉ። ሙዘሚል የሚሸከመው መድኃኒት ብቻ ነው። «ሰው የሚሸነፈው ጥፍር አንሶት አይደለም ጋሼ። ማርከሻ ሳይዝ ወጥቶ ነው» ይላል። ጠዋት ይላል፣ ከሰዓት ይላል። ሰለቸኝና አባ ማርከሻ አልኩት። አባው ለእኔ ቀረና ሌላው ሰው ማርከሻ ብቻ አለው።

ስለ ቀዩዋ ፍሬ የተከራከርነውን አልማዝ እስካሁን ታወራዋለች። አንድ ቀን አንዲት ድብልብል ቀይ ፍሬ አገኘሁ።

«ይቺ የበሰለ ቡና አይደለችም እንዴ?»

«ትመስላለች። ለመደንዘዝ ናት።»

«ለመደንዘዝ? ለእንቅልፍ መሆን አለባት እንጂ!»

«የእንቅልፉ ሌላ ነው ጋሼ፤ ያውልዎት ሰማያዊው።»

«ሰማያዊ ፍሬ ማንን ያነቃል? ይህን የሠራው ሰው ቡና አያውቅም።»

«የሩቅ አገር ሰው ነው የሠራው።»

«ሻይ ጠጪ ነዋ!»

አልማዝ ከማንቆርቆሪያዋ ቀና ብላ «ሻይ ደግሞ ምን አደረጋችሁ? ነገ ብርጭቆ ይዛችሁ ስትመጡ እንተያያለን» አለች። ያን ቀን ከሳቄ ብዛት የሰው ሱሪ አጣምሜ ሰፋሁ።

ሙዘሚል ደዌዎቹን ከጌሙ አውጥቶ በመንገድ ላይ በሚያልፈው ሰው ላይ መለጠፍ ልማዱ ነበር። ክፋት የለበትም፤ አንድም ሰው ሲቀየመው አላየሁም። ባለጉዳይ ደጅ አስቀምጦ ቢሮው ውስጥ የሚያንጎላጅ አንድ ሹም ሲያልፍ «እንቅልፍ» ይላል ቀስ ብሎ። ሸቤ ከተማ ሄዶ እርጥብ ቡና ገዝቶ የከሰረ ደላላ ሚስቱን እየተሳደበ ሲመጣ «ተደናግሯል፤ ራሱን ነው እየመታ ያለው፣ አትመልሱለት» ይለናል። ሰውዬውን ጠርቶ ያስቀምጠዋል፣ የተሰነጠቀ የስልኩን መስታወት ይቀይርለታል፤ እስኪጨርስም ስለ ቡና አንዲት ቃል አያነሳበትም። ሰውዬው ሲነሳ ድምፁ ወርዷል። «አያችሁ? የራሱ መድኃኒት አለው» ይላል ሙዘሚል።

ለእኔ የሰጠውንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ የኋለኛው አይገባም።

ባለቤቴ ዘይነባ የሞተች ጊዜ ለቅሶው ካለቀ በኋላ በረንዳው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን አልሠራ አለ። ሰው ይመጣል፣ ጨርቁን ይሰጠኛል፣ እኔ ጨርቁን ይዤ መንገድ አያለሁ። የሚመክረኝ መዓት ነበር። ሶብር አድርግ፣ ታገስ ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሙዘሚል ግን መዳፉን እፍ አለና «አባ ጉራቻን ተዉአቸው። በረዶ ውስጥ ናቸው፤ በረዶ በምክር አይሟሟም» አላቸው። በማግስቱ ሱሪውን ይዞ መጣ፤ ጫፉ ተተርትሯል። «ቀምቅሙልኝ» አለኝ። ለእሱ እምቢ ማለት አይሆንልኝምና ቀመቀምኩለት። በማግስቱ ሌላ ሱሪ መጣ፣ ጫፉ የተተረተረ። ቀጥሎ የሚስቱ ጉርድ፣ ቀጥሎ የሱቁ መጋረጃ። እንዲህ ሲል ሰነበተ። አንድ ቀን ያንኑ የመጀመሪያውን ሱሪ መልሶ አመጣው፤ የገዛ ስፌቴን አላጣውም፣ በምላጭ ተተርትሯል።

«ሙዘሚል፣ አይጥ ገብቶብሃል?»

«አንድ ትልቅ አይጥ ጋሼ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ያያት የለም።»

ከዘይነባ ሞት ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የሌላውንም ሰው ጨርቅ መስፋት ጀመርኩ።

አሁን ስለ ጨዋታው ተራ። ሁለታችን በአንድ ወገን ሆነን ሌሎችን የምንገጥምበት አጨዋወት ነበረው፤ የእሱ አውሬና የእኔዋ ጉራቻ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዚያ ጨዋታ መድኃኒት በነጻ አይሰጥም። መድኃኒት ከሰጠህ ተራህ አለቀ፤ መምታት የለም፣ መሸሽ የለም፣ ቆመህ የሚመጣውን ትቀበላለህ። ጉራቻ በተመረዘች፣ በደነዘዘች ቁጥር ሙዘሚል ተራውን ለእሷ ይሰጣል። የእሱ አውሬ ዱላውን ይጠጣና ይወድቃል።

«ተው እንጂ፣ አንተ ምታው!» እለዋለሁ።

«መድኃኒት ማለት ተራን መስጠት ነው ጋሼ። ተራውን የማይሰጥ ሰው ከረጢቱን ቢሞላ ለምኑ ነው?»

ይህን ብዙ ጊዜ ብሎኛል። አምኜዋለሁ። ጌም ነው አላልኩም፤ ሰው በጨዋታ ውስጥም ያው ሰው ነው እል ነበር።

ሐጂ ጣሂር የቤቱ ባለቤት ደግ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ጀለቢያቸውን እያሳጠርኩላቸው በረንዳው ላይ ከጎኔ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። ምን እንዳሳሰባቸው አላውቅም፤ ድንገት «ከድር፣ እኔም ልጆቼም እስካለን ከዚህ በረንዳ ማንም አያነሳህም» አሉኝ። ወደ መስኮቷም ዞረው «ሙዘሚል፣ ሰምተሃል?» አሉ። እሱ መበየጃውን እንደያዘ «ሰምቻለሁ ሐጂ» አለ። መኪናዬ እየጮኸች ነበርና መርገጫውን ለቅቄ «አላህ ይስጥልኝ» አልኳቸው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ከማኅተም አያንስም። ጻፉልኝ ብል ነውር ነበር።

ሐጂ ሲሞቱ ቤቱ ለልጃቸው ለፉአድ ደረሰ። ፉአድ ሸቤ ላይ ቡና ነጋዴ ነው፤ መጥፎ ሰው አልለውም። በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ሱቅ ሊያደርገው ፈለገ። እኔም የአባቱን ቃል ነገርኩት።

«ጋሼ፣ አባቴ ለእኔ አልነገረኝም። እንዲህ ማለቱን በምን ልወቅ?»

«ሙዘሚል ሰምቷል።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎች ፊት ይናገራ» አለ። ተስማማሁ። ከደስታዬ የተነሳ እንዲያውም ሻይ ጋበዝኩት።

በሐጂ ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አባ ሚልኪ ናቸው። ዱዓ ተደረገ። በእኛ ጃርሱማ፣ የሽማግሌ ዕርቅ ማለት ነው፣ አንድ ደንብ አለ። ምስክር ሲቀርብ ባለጉዳዩ ይጠየቃል፤ ምስክሩ ኪታብ ይዞ ይማል ወይስ እንዲሁ ቃሉ ይበቃሃል? ይማል ካልክ ኋላ መከራከር ትችላለህ። ቃሉ ይበቃኛል ካልክ ግን ያ ሰው ያለው ሁሉ ፍርድ ይሆናል፤ አፍህን ዘግተሃል። ወዳጅን ኪታብ ማስነካት ደግሞ አንተን አላምንህም ብሎ በአደባባይ እንደ መስደብ ነው።

አባ ሚልኪ «ከድር፣ ይማል ትላለህ?» አሉኝ።

«ባልንጀራዬን ኪታብ አላስነካም። እሱ ያለውን ተቀብያለሁ።»

«ኋላ ዞር የለም?»

«የለም።»

ፉአድም ተቀብያለሁ አለ። ሁላችንም ወደ ሙዘሚል ዞርን። መዳፉን ወደ አፉ አመጣና እፍ አለ። እኔ ፈገግ ብዬ ነበር፤ እፍ ሲል ልማዴ ነው።

«ሐጂ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ብዙ ነገር ይሉ ነበር» አለ። «ይህን ሲሉ ግን አላስታውስም።»

ሐጂ አላሉም ቢል ዋሸህ እለው ነበር። አላስታውስም ግን መያዣ የለውም፤ በየት በኩል ትይዘዋለህ? አባ ሚልኪ ሦስት ጊዜ ጢማቸውን ዳበሱ። «ደህና አስብ ልጄ» አሉት። «አላስታውስም አባ» አለ። አላየኝም። ከምንጣፉ ላይ የወደቀች አንዲት የጫት ቅጠል አንስቶ በጣቶቹ ያጥፋት ነበር።

ተቀብያለሁ ብያለሁና ተነስቼ ዱዓ አደረግሁ፤ ሁሉንም ጨበጥኩ። ፉአድ ዕቃዬን የሚያደርስልኝ መኪና በጊዜው ላከ። የስፌት መኪናው ከባድ ነው። አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ ሌላውን ማን ይይዝልኛል ብዬ ቀና ስል ሙዘሚል ይዞታል። ተሸክመን ወረድን።

«ቀስ ጋሼ፣ ደረጃው አለ» አለኝ።

ለስንት ዓመት የማውቀው ደረጃ ነው። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ጌሙን መስኮቷ ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ።

ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ መስፋት ጀመርኩ፤ ከመንገድ ገባ ስለሚል ደንበኛ አይበዛውም። ይህ ይቻላል። ያልቻልኩት ስሙን ነው። ያ ሁሉ ሰው የሰማው አንድ ነገር ነው፤ ከድር ሐጂ ብለውኛል አለ፣ የገዛ ምስክሩ ግን አላስታውስም አለ። ስለዚህ ከድር በሟች አፍ የማይገባውን ጠየቀ። መስጊድ ውስጥ ከእኔ ጋር ሲጨዋወቱ የነበሩ ሰዎች ሰላምታዬን መለሱና ጫማቸውን መፈለግ ያዙ።

ኋላ አልማዝ መጥታ የሰማችውን ነገረችኝ። ፉአድ በሽምግልናው ዋዜማ ማለዳ፣ እኔ ሳልመጣ፣ ሙዘሚል ሱቅ ገብቶ «ያንተ ሱቅ ወይ ከበረንዳው ጋር ይሰፋል፣ ወይ ከበረንዳው ጋር ይሄዳል» ብሎታል። እንደተባለውም ሱቁ ሰፋ። እኔ በምቀመጥበት ቦታ የስልክ መሸፈኛ ተሰቅሎበት በመስታወቱ አየሁት።

በዚያች በዋዜማዋ ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ጌም ስንጫወት ነበር። ጉራቻ ተመረዘች፤ ተራውን ሰጥቶ አዳናት። በመስኮቷ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ፉአድ እንዲህ ብሎኛል፣ ልጆች አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» ቢለኝ ኖሮ ወላሂ አትመስክር እለው ነበር። መኪናዬን ነቅዬ እሄድለት ነበር፤ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እሱ ቤተሰብ አለው። በስሜም ሐሜት ሳይለጠፍ፣ በፈቃዴ፣ ለወዳጄ ብዬ እሄድ ነበር። ልሰጠው የምችለውን ነገር ሰረቀኝ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ አሰላሙ ዓለይኩም ይላል፤ ወዓለይኩሙ ሰላም እላለሁ። መመለስ ግዴታ ነው። ከዚያ አልፎ አንድም ቀን ሌላ ቃል አልተጨመረበትም።

እንግዲህ ቀብሩ ላይ ቆምኩ። ብዙ ሰው ነበር፤ ይወደድ እንደነበር ያስታውቃል። አፈር ከመልበሱ በፊት ወንድሙ ወጣና እንደ ደንቡ ጠየቀ። «ጀማዓ! ሙዘሚል ላይ ሐቅ፣ ዕዳ ያለው ካለ ይንገረን። የበደላችሁ ካለም አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት።»

«አፉ ብለናል» አለ ሰው በአንድ ድምፅ።

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ አልተነሳም። ሁለተኛ ጠየቀ፤ አሁንም ቃሉ አልወጣኝም። ከዚያ አፈሩ ላይ ተረባረብን፤ እኔም አካፋ ተቀብዬ ድርሻዬን አለበስኩት።

ሐዘኑ ቀለል ሲል ሴት ልጁ ሃናን ቤቴ መጣች። ከልጅነቷ አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። አሁን ሱቁን ይዛለች፤ በጥገና ከአባቷ ትበልጣለች ይባላል። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ቁጭ አለች።

«እናቴ ራሷ ትመጣ ነበር ጋሼ። ዒዳ ላይ፣ የሐዘን ወራቷ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም።»

«አውቃለሁ ልጄ። አላህ ያጽናት።»

«አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ቀብር ላይ ከጎንዎ ነበር መሰለኝ። ሁሉም አፉ ሲል እርስዎ ዝም አሉ አለን።»

«የአጎትሽ ጆሮ ደህና ነው።»

አልሳቀችም። «አባቴ መልእክት ነበረው። እኔ ከሞትኩ በኋላ ለአባ ጉራቻ ንገሪልኝ ነው ያለኝ።»

«ምን አለ?»

«ሐጂ ያሉትን አስታውሳለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት የቆምኩ ቀንም አስታውስ ነበር። ሐጂ ሲናገሩ መኪናዎን ረግጠው እንደነበር፣ አላህ ይስጥልኝ ሊሏቸው ብለው እንዳቆሙት፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ በያቸው አለኝ።»

 ሰው የሚጠለልበት ትንሽ ቦታ አያጣም። እኔ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተጠለልኩባት ምናልባት እውነት ረስቶት ይሆናል የምትል ነበረች። አንዳንድ ቀን አምኛት እውላለሁ። እሷንም ሄዶ ወሰዳት።

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«ረመዷን ሳይገባ።»

«ረመዷን ሳይገባ! ታዲያ በረመዷን ማታ ማታ ተራዊሕ አብረን ስንሰግድ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካ ነበር እኮ። አንዲት ቃል አቅቶት ነው? ሞቶ ላከብኝ?»

«ይፈራዎት ነበር ጋሼ።»

«እኔን? ከመርፌ በቀር ምን ይዤ አውቃለሁ?»

አለቀሰች። ውኃ ሰጠኋት። አፉ ይበሉት፣ አፈር ከብዶታል አለችኝ። ልጅ ለአባቷ እንዲህ ስትለምን ማየት ከባድ ነው። አሰብኩና እንዲህ አልኳት፤ «ሃናን፣ ይህንኑ አሁን የነገርሽኝን ለአባ ሚልኪና ለፉአድ ንገሪልኝ። በረንዳው ይቅር፤ በረንዳ አልፈልግም። ከድር አልዋሸም እንዲባል ብቻ።»

የሻሿን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«ጋሼ፣ ሱቁ የፉአድ ነው። እናቴም የምትተዳደረው በዚያው ሱቅ ነው። ዒዳዋን እንኳ ሳትጨርስ…»

አልጨረሰችውም። እንድትጨርሰውም አልጠበቅሁም።

«ገባኝ ልጄ። አልገፋሽም።»

«አፉ ይሉታል ታዲያ?»

«ልቤ ሳይል ብያለሁ ልበልሽ? በቾ ቦሬ ውሸታም ያለኝ ሳልዋሽ ነው። አሁን ዋሽቼ እውነታቸውን ላደርገው?»

ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የተቀየመችኝ መስሎኝ አዘንኩ። ነገር ግን በሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ መጣች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሁሉ ትመጣለች፤ እናቷ የላከችውን ቆሎ ወይ ዳቦ ይዛ። እኔ ሻይ አፈላለሁ። ስለ ሥራዋ ታወራኛለች፣ ሰው ስልኩን ምን ምን ውስጥ እንደሚጥል ትነግረኛለች፤ አንዳንዴም ያስቀኛል።

ብርጭቆዋን ስታነሳ ግን ትጠይቃለች።

«ዛሬስ ጋሼ?»

«ዛሬ አይደለም ልጄ። አንቺስ?»

«ዛሬ አይደለም ጋሼ።»

ሻያችንን እንጠጣለን።